የአንገትን ጫፍ ብቻ የሚነካ ሕክምና፦ ከደብረ ብርሃን አሥር ጊዜ ተመላልሼ ያየሁት

በደብረ ብርሃን ከተማ፣ ፍርድ ቤት አጠገብ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል፣ የክስ ማመልከቻና የይግባኝ አቤቱታ እየጻፍሁ 22 ዓመት ሠርቻለሁ። ሰው ራፖር ጸሐፊ ይለናል። መጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ በታይፕ፣ አሁን ደግሞ በላፕቶፕ ያዘጋጀሁት ወረቀት ሁሉ የተጻፈው አንገት ተደፍቶ ነውና፣ ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ማጅራቴ ደርቆ አልዞር ሲለኝ ብዙም አልተገረምሁም። ነገሩ የከበደኝ ሕመሙ ከማጅራቴ ተነሥቶ በጆሮዬ ጀርባ እየወጣ የግራ ዓይኔን ዙሪያ የሚይዝ ራስ ምታት ሲሆን ነው። ደንበኛ በግራዬ ቆሞ ሲያናግረኝ አንገቴ ስለማይታዘዝ ከነወንበሬ እዞር ነበር።

በከተማችን ማጅራት ሲታመም የመጀመሪያው ምርመራ የታወቀ ነው፤ «ብርድ ነው» ይባላል። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ በተቆረቆረች ከተማ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሣሩን ነጭ አድርጎ በሚያድርበት አገር፣ ይህ አባባል ስሕተት ነው ብዬ አልከራከርም፤ ሰው ትከሻውን ሰቅሎ በጋቢው ውስጥ ተኮራምቶ ሲውል የአንገቱ ጡንቻ መጨማደዱ አይቀርምና። ቅባት ተቀባሁ፣ በሙቅ ውኃ በተነከረ ፎጣም አሞቅሁት። ሳይሻለኝ ሲቀር ሆስፒታል ሄጄ ራጅ ተነሣሁ፤ መገጣጠሚያው በዕድሜ ጥቂት እንደ ተበላ ተነግሮኝ የሕመም ማስታገሻ ታዘዘልኝ። ማስታገሻው እስከተዋጠ ድረስ ይሠራል፤ ሲያልቅ ሕመሙ ይመለሳል።

ከዚያ በኋላ በሰፈራችን ስማቸው ወደ ተጠራ ወጌሻ ሄድሁ። እኒህ እናት የወለቀ ትከሻ ሲመልሱ፣ ወለምታ አሽተው ሰው በእግሩ ሲያስኬዱ በዓይኔ ያየሁ ነኝ። ጣታቸውን ቅቤ አስነክተው ከትከሻዬ ጀምረው ወደ ላይ እየዳሰሱ መጡ፤ የጠጉሬ መነሻ ላይ ሲደርሱ ግን እሳት እንደ ነካው ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ልጄ፣ እጅና እግር ከሆነ አምጣልኝ። አንገት የእግዜር ነው፤ እኔ አልነካም» አሉኝ። ገንዘብ ብዘረጋላቸውም አልተቀበሉኝም። ይህን ያነሣሁት ለወግ ያህል አይደለም፤ በኋላ የከፈልሁበትን አገልግሎት የመዘንሁት በእሳቸው ቃል ስለሆነ ነው።

አዲስ አበባ የሚኖር የእኅቴ ልጅ ስለ ካይሮፕራክቲክ፣ አከርካሪንና መገጣጠሚያን በእጅ እየተጫኑ ስለሚሰጠው ሕክምና፣ የነገረኝ በዚህ መካከል ነው። እሱ ራሱ ወገቡን ታሞ የታከመበትን ክሊኒክ ነበር የጠቆመኝ። ስሙን ከዚህ ላይ የማልጽፈው፣ ከዚህ በታች የማነሣው ቅሬታ የአንድ ተገልጋይ ቅሬታ ስለሆነና ክሊኒኩ በእኔ ጽሑፍ ላይ መልስ የሚሰጥበት ዕድል ስለሌለው ነው። ክስ ሲጻፍ ተከሳሹ መልስ እንዲሰጥ መጥሪያ ይደርሰዋል፤ እዚህ ግን መጥሪያ የለም።

ሕክምናው በአሜሪካ አገር በአዮዋ ግዛት፣ ዳቨንፖርት በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1895 የተጀመረ ነው። ጀማሪው ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የሐኪም ትምህርት የሌለው፣ ቀደም ሲል የምግብ ሸቀጥ ሱቅ የነበረውና በማግኔት ኃይል እፈውሳለሁ ይል የነበረ ሰው ነው። ሃርቪ ሊላርድ የተባለ መስማት የተሳነውን የሕንፃ ጽዳት ሠራተኛ ጀርባውን ተጭኖ አጥንት ስላስተካከለለት ጆሮው ተከፈተ ብሎ ከዚያ ተነሥቶ አንድ ሙሉ የሕክምና ትምህርት መሠረተ። ልጁ ባርትሌት ጆሹዋ ፓልመር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የችግሩ ሁሉ ቁልፍ ከአንገት ጫፍ ላይ ነው ወደሚል አቋም መጣ። እኔ የታከምሁበት፣ አንገት ሳይጠመዘዝ በለስላሳ ጫና የሚሰጠው ዓይነት፣ የዚህ ሐሳብ ልጅ ነው፤ ከዘዴዎቹ አንዱን የሚያስተምረው የአሜሪካ ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ከአንድ የመስማት ታሪክ ተነሥቶ ስለ ሰው አካል ሁሉ መደምደም ለእኔ ዓይነቱ ሰው ገና ከመነሻው ያጠራጥራል፤ በአንድ ምስክር የሚጸና ጉዳይ ጥቂት ነውና።

የአንገታችን አጥንቶች ሰባት ናቸው። የላይኛው አትላስ ይባላል፤ በግሪክ ተረት ሰማይን በትከሻው በተሸከመው ግዙፍ ስም የተሰየመ ነው። እንደ ሌሎቹ አጥንቶች ድፍን አካል የለውም፤ ቀለበት ነው። ከሥሩ ያለው አክሲስ ወደ ላይ የሾለ ጥርስ መሳይ አጥንት አለው፤ ቀለበቱ በዚያ ጥርስ ዙሪያ ይዞራል። አንገታችንን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ስናዞር ከጠቅላላው እንቅስቃሴ ግማሽ ያህሉ የሚሆነው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ራሳችንን ወደ ታችና ወደ ላይ የምንነቀንቀው ደግሞ በዋናነት ራስ ቅል አትላስ ላይ በሚያርፍበት መገጣጠሚያ ነው። እንግዲህ «እምቢ» የሚለው የራስ ንቅናቄ ከአንዱ፣ «እሺ» የሚለው ከሌላው ይመጣል ማለት ነው፤ ምንም እንኳ እኛ አገር ሰው እሺታውን ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ መግለጽ የሚቀለው ቢሆንም። አምስት ኪሎ ያህል የሚመዝነው ራሳችን የተቀመጠው በዚህ ቀለበት ላይ ነው፤ ስናቀረቅር ደግሞ ራስ ወደ ፊት እንዳይወድቅ ይዘው የሚውሉት የማጅራት ጡንቻዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ቀጠሮ አንድ ሰዓት ያህል ወሰደ። ባለሙያው፣ ውጭ አገር የተማረ ጎልማሳ፣ ስለ ሕመሜ፣ ስለ ደም ግፊቴ፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ አተኛኘቴ ጠየቀኝ፤ አዙሪት፣ የእጅ መደንዘዝ፣ የማየት ችግር ይኑርብኝ አይኑርብኝ ከጠየቀ በኋላ ጉልበቴን በመዶሻ መታ መታ አደረገ፣ የእጄንም ጥንካሬ ፈተነ። ይህን አመሰግናለሁ። ቀጥሎ በጀርባዬ አስተኝቶ ሁለቱን ተረከዞቼን አገናኝቶ ለካና የግራ እግሬ እንዳጠረ አሳየኝ፤ ከዚያም የአንገቴን ጫፍ ከፊት፣ ከጎንና ከላይ በሦስት አቅጣጫ ራጅ አነሣ። ከሆስፒታል ይዤው የሄድሁትን ራጅ ብርሃን ላይ አንሥቶ አይቶ «ይህ አትላስ ምን ያህል እንዳዘነበለ በማዕዘን ለመለካት አይሆንም» ብሎ መለሰልኝ።

ሕክምናው ራሱ ከዝግጅቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አጭር ነው። በቀኝ ጎኔ አስተኛኝና ራሴን ዝቅ ባለ ትንሽ መደገፊያ ላይ አሳረፈ። ጆሮዬን ወደ ፊት ገለል አድርጎ፣ ከጆሮ ጀርባ ባለው ጉብ ያለ አጥንትና በመንጋጋ መካከል ያለችውን ጎድጓዳ ቦታ በጣቱ ፈለገ፤ የአትላስ የጎን ጫፍ የሚዳሰሰው እዚያ ነው። ከእጅ አንጓው አጠገብ ያለውን የመዳፉን ጠርዝ እዚያ ላይ አሳርፎ፣ ሌላውን እጁን ደርቦ፣ ክርኑን ቀጥ አድርጎ ቆመ። እኔ የማንቋቋት ድምፅ እየጠበቅሁ ጥርሴን ነከስሁ። የመጣው ግን በሊጥ ላይ ጣት እንደ ማሳረፍ ያለ ጫና ነበር፤ እንደገና፣ እንደገና፣ ምናልባት ስምንት ጊዜ። «አልቋል» ሲለኝ አላመንሁም። ሌላ ክፍል ውስጥ 15 ደቂቃ ያህል በጀርባዬ ተኝቼ እንዳርፍ አደረገኝና እግሬን መልሶ ለካ፤ ሁለቱ እኩል ሆነዋል አለኝ።

ብዙ ሰው ካይሮፕራክቲክ ሲባል አንገት ተጠምዝዞ ቋ የሚልበትን ቪዲዮ ያስታውሳል። ያ ድምፅ አጥንት ወደ ቦታው ሲገባ የሚሰማ አይደለም፤ በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ጋዝ ሲፈጠር የሚሰማ ነው፣ ጣት ስናንቋቋ እንደምንሰማው። በእኔ ላይ አንድም ጊዜ እንዲህ ያለ ድምፅ አልተሰማም፣ አንገቴም አልተጠመዘዘም። የዚህ አገልግሎት ትልቁ በጎ ጎን በእኔ ሚዛን ይኸው ነው። ወደ አንጎል ደም ከሚያደርሱት ሥሮች ሁለቱ በአንገት አጥንቶች ጎን ባሉ ቀዳዳዎች አልፈው፣ አትላስ ላይ ሲደርሱ ከኋላው ታጥፈው ወደ ራስ ቅል ይገባሉ። አንገት በድንገት በኃይል ሲጠመዘዝ የእነዚህ ሥሮች ግድግዳ ተቀድዶ ስትሮክ እንዳስከተለ የተመዘገቡ ጉዳዮች አሉ፤ የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ቢሆንም ሲያጋጥም መመለሻ ላይኖረው ይችላል። የሰፈሬ ወጌሻ የደም ሥሩን ካርታ አይተው አያውቁም፤ እጃቸውን የሰበሰቡበት ምክንያት ግን ከዚህ የራቀ አይመስለኝም።

ለውጡን በተመለከተ ያየሁትን ብቻ ልጻፍ። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ድካምና ቀላል ራስ ምታት ተሰማኝ። ከሦስተኛው በኋላ ሌሊት መንቃቴ ቀነሰ። ከስድስተኛው በኋላ ወደ ግራ ስዞር ዓይኔ ትከሻዬን አልፎ በር ላይ የቆመውን ሰው ማየት ቻለ። በዐቢይ ጾም ለመስገድ እየፈራሁ ጀምሬ ነበር፤ የስቅለት ዕለት ሰግጄ ስመለስ ጉልበቴ እንጂ አንገቴ አላመመኝም። ራስ ምታቱ ከሳምንት አራትና አምስት ቀን ወደ አንድ ቀን ዝቅ ብሏል፤ ፈጽሞ ግን አልጠፋም።

ይህን ሁሉ ለአትላስ መስተካከል ልስጠው ወይ? እዚህ ላይ እጄ ይታሰራል። ባለሙያው በሁለተኛው ቀጠሮ አገጭን ወደ ኋላ ስቦ አሥር እስኪቆጠር የመያዝ እንቅስቃሴ አሳይቶኝ ነበር፤ በቀን ሦስት ጊዜ እሠራዋለሁ። ጤና መኮንን የሆነችው ልጄ ደግሞ በዚያው ሳምንት ሥራ ቦታዬ መጥታ አቀማመጤን አየችና «አባዬ፣ ይህን ላፕቶፕ እንዲህ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተኸው አንገትህን የትም ብትወስደው አይድንም» አለችኝ። ከመደርደሪያዬ አራት ጥራዝ አሮጌ ነጋሪት ጋዜጣ አውርዳ ላፕቶፑን ከነሱ በላይ አስቀመጠችው፤ የምጽፍበትን ቁልፍ ሰሌዳ ለብቻው ገዛሁ። ነጋሪት ጋዜጦቹ ዛሬም እዚያው ናቸው፣ አንድ ደንበኛ ሕግ ስፈልግለት ከላፕቶፑ ሥር ስስብ አይቶ ሥቋል። የሆነው ሆኖ ሦስቱ ነገሮች በአንድ ጊዜ ስለተጀመሩ የትኛው ስንት እንደረዳ መለየት አይቻልም። ለአንገት ሕመም በእጅ የሚሰጥ ሕክምና ከእንቅስቃሴ ጋር ሲሆን መጠነኛ ጥቅም እንዳለው ጥናቶች የሚያሳዩት ነው፤ ይህ ከእኔ ልምድ ጋር ይገጥማል።

የማይገጥመው ስለ አከርካሪ የተነገረኝ ነው። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ሥዕል አትላስ ሲያዘነብል ትከሻ ይዛባል፣ ዳሌ ይነሣል፣ አከርካሪው እንደ እባብ ይጠማዘዛል፣ አንድ እግርም ያጥራል፤ አትላስ ሲቃና ከላይ እስከ ታች ሁሉም ይቃናል። ሥዕሉ ሲታይ ያሳምናል። ነገር ግን ተረከዝ አገናኝቶ የሚደረገው የእግር ልኬት ታካሚው ትንሽ ሲንቀሳቀስ፣ ለኪው ጥቂት ሲስብ የሚለወጥ ነው፤ ሁለት ለኪዎች አንድ ውጤት ላያገኙ ይችላሉ። አካላችንም ከመጀመሪያው ፍጹም እኩል ሆኖ የተሠራ አይደለም፤ ጫማ ሰፊ ጠይቁ፣ ቀኝና ግራ እግሩ አንድ ዓይነት የሆነ ሰው ስንቱ እንደሆነ ይነግራችኋል። በራጅ ላይ የሚለካው የማዕዘን ልዩነትም እጅግ ጥቂት ስለሆነ ሰውየው በቆመበት ወይም በተቀመጠበት ሁኔታ ሊለወጥ ይችላል። ማጅራቴ ተሻለው፤ አከርካሪዬ ተቃና ብዬ ግን በፊርማዬ አላረጋግጥም።

ስለ ደም ግፊትም ተመሳሳይ ነገር ተነግሮኛል፤ ይህ የጤና ጉዳይ ስለሆነ በዝርዝር ማለት ይገባል። እኔ የግፊት መድኃኒት የምወስድ ሰው ነኝ። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለች ሠራተኛ «ብዙዎቹ ታካሚዎቻችን ኪኒኑን ትተዋል» አለችኝ። ለልጄ ስነግራት ተቆጣች፤ የነገሩንም ምንጭ ፈልጋ አነበበችልኝ። እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሞ የወጣ፣ ቺካጎ ውስጥ በ50 ሰዎች ላይ የተደረገ የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ ነው፤ 25ቱ አትላሳቸው እንዲስተካከል ተደረገ፣ 25ቱ ደግሞ የማስመሰል ሕክምና ተሰጣቸው፤ ከስምንት ሳምንት በኋላ የላይኛው የግፊት ቁጥር በመጀመሪያዎቹ 17፣ በሁለተኛዎቹ 3 ያህል ቀነሰ። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ሰዎቹ ግን ጥቂት፣ ጊዜውም አጭር ነበር። በዚህ ላይ ተመሥርቶ መድኃኒት ማቆም ራስን ለአደጋ መስጠት ነው። የእኔ ግፊት በአሥሩ ቀጠሮዎች መካከል ከነመድኃኒቱ እንደነበረ ነው። ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ ባለሙያው ራሱ መድኃኒትህን አቁም ብሎኝ አያውቅም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። በመጀመሪያው ቀን፣ ራጁ እንደታየ፣ የ12 ቀጠሮ ክፍያ በአንድ ጊዜ ብፈጽም ቅናሽ እንዳለው ተነገረኝ። ምርመራውና ራጁ 4,500 ብር፣ 12ቱ ቀጠሮዎች 14,400 ብር ነበሩ። ሕክምናው ይጥቀመኝ አይጥቀመኝ ሳይታወቅ የሦስት ወር ዋጋ መክፈል ተገቢ እንዳልሆነ አሁን እናገራለሁ፤ ያን ቀን ግን አንገቴ ይዞኝ ስለነበር ፈረምሁ። ከአራተኛው ቀጠሮ በኋላ ቀሪውን በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ አድርጉልኝ ብል ውሉ በሳምንት አንድ ጊዜ ይላል፣ የቀረ ቀጠሮም ገንዘቡ አይመለስም ተባልሁ። ወረቀቱን አውጥቼ ሳነብ በእርግጥም ከታች በኩል በጠባብ ፊደል ተጽፏል። ሰው ሳያነብ አይፈርም እያልሁ ስንቱን ደንበኛ የገሠጽሁ እኔ ሳላነብ ፈርሜአለሁ፤ ይህን ለባልደረቦቼ እስካሁን አልነገርኋቸውም።

ከእኛ አካባቢ ለሚሄድ ሰው ሌላው ዋጋ መንገዱ ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ጠዋት በጨለማ ተነሥቼ፣ በሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተጨናንቄ፣ ጫጫን፣ ሸኖን፣ አለልቱንና ሰንዳፋን አልፌ አዲስ አበባ ላምበረት መናኸሪያ ስወርድ አንገቴ ከተነሣሁበት ጊዜ ይብስ ነበር። ከሕክምናው በኋላ ባለሙያው «ዛሬ አንገትህን አሳርፈው፣ ረጅም ጉዞ አትሂድ» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ የመመለሻ መኪና እንዳያመልጠኝ እሮጣለሁ። በመልስ ጉዞ እንቅልፍ ሲጥለኝ ራሴ በደረቴ ላይ እየተወዛወዘ ስንት ጊዜ እንደነቃሁ አላውቅም። ከሰባተኛው ቀጠሮ ጀምሮ ነጠላዬን ጠቅልዬ በአንገቴ ዙሪያ እንደ መደገፊያ ማሰር ጀመርሁ፤ ረድቶኛል። ከመሐል ሜዳ ወይም ከአጣዬ ለሚነሣ ሰው መንገዱ ከእኔም ይረዝማል፤ በሳምንት አንድ ቀን ለሦስት ወር መመላለስ ለሥራም ለኪስም ቀላል አይደለም። ትራንስፖርትና ምሳ ሲደመር እያንዳንዱ ቀን ከአንድ ሺህ ብር በላይ ያስወጣ ነበር።

ስለዚህ ማን ይሂድ፣ ማን ይቅር ለሚሉኝ የምመልሰው እንዲህ ነው። እንደ እኔ በአቀማመጥና በሥራ ብዛት አንገቱ የደረቀ፣ ሐኪም ያየው፣ ሌላ ከባድ ሕመም እንደሌለበት የተነገረው፣ አንገቱ ተጠምዝዞ እንዲንቋቋ ግን የማይፈልግ ሰው ሦስት ወይም አራት ቀጠሮ ብቻ ከፍሎ ቢሞክር አይጎዳም። በአደጋ አንገቱ የተመታ፣ አጥንቱ የሳሳ፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪም ሳያማክር አንገቱን ለማንም መስጠት የለበትም። በተለይ ሕመሙ ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከሆነ በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን እንደሚችል አይረሳ፤ ይህ በመጫን የሚድን ሳይሆን በመድኃኒት የሚታከም ነው። እጅና እግር ከደነዘዘ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ወይም ከዚህ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ኃይለኛ የአንገትና የራስ ሕመም ከአዙሪት ጋር በድንገት ከመጣ፣ ላምበረት ድረስ መሄድ ሳይሆን በዚያው ሰዓት ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል መሮጥ ነው።

ክሊኒኩን በንጽሕናና በሰዓት አክባሪነት ከጠየቃችሁኝ አላማም፤ አንድም ቀን ከቀጠሮዬ አሥር ደቂቃ በላይ አላስጠበቁኝም፣ የሽማግሌና የሴት ክብር ያውቃሉ፣ ወረፋ በዘመድ አይታለፍም። ባለሙያው እጁ ለስላሳ፣ ጆሮው ታጋሽ ነው። ወደ ወጌሻዋ ተመልሼ «እማማ፣ አንገቴን አስነካሁት» ስላቸው «እንዴት አድርጎ?» ብለው ጠየቁኝና መዳፌን በእጃቸው ጀርባ ላይ አሳርፌ እንዴት እንደሚጫን አሳየኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው «እንዲያ ከሆነስ መንካት ሳይሆን መዳበስ ነው» አሉ።

ሁለት ቀጠሮ ይቀረኛል። ገንዘቡ ስለማይመለስ እጨርሳቸዋለሁ፤ ሌላ ጥቅል ግን አልገዛም። ቀጣዩን ለብቻው እንዳልሄድበት፣ ሰበር ችሎት ከማስገባው የአንድ ደንበኛ ፋይል ጋር አንድ ቀን አድርጌዋለሁ።